ወይን ሁሉ ሲቆይ አይወደድም

በነጋዴው ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ ወይን በቆየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል የሚል። አንድ የማውቃቸው አስመጪ በዚሁ እምነት 60 ካርቶን ቀይ ወይን መጋዘን አስገብተው አራት ዓመት ጠበቁ። በቅርቡ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አብረን ከፈትን። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ጣዕሙም ውኃ የገባበት ይመስላል። «ልጄ፣ ወይንም ይከስራል እንዴ?» አሉኝ።

ይከስራል። በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው። በእኔ አስተያየት ገንዘቡን በቀይ ወይን ላይ የሚያስር ሰው ከስሙና ከምልክቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ስለ አሲዱ ነው።

አሲድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሆመጠጠ ጠጅ ነው። እሱ ሌላ ነው፤ ባክቴሪያ የሚያመጣው አሴቲክ አሲድ ሲሆን፣ ሲበዛ ብልሽት ነው። እዚህ የምንናገረው ከፍሬው ከራሱ ስለሚገኙት አሲዶች፣ በተለይም ስለ ታርታሪክ አሲድ ነው። ሎሚ ምግብን እንደሚያነቃ ሁሉ ወይኑን ያነቃዋል። ለነጋዴው የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ጠባቂነቱ ነው።

የአሲድ ብርታት በፒኤች ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በረታ ማለት ነው። ቀይ ወይን በአብዛኛው ከ3.3 እስከ 3.8 ባለው መካከል ይገኛል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ፒኤቹ 3.3 በሆነ ወይን ውስጥ ያለው ጉልበት 3.8 በሆነው ውስጥ ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በመሆኑም አሲዱ የደከመ ወይን ለባክቴሪያ የተጋለጠ ነው፤ ደማቅ ቀለሙንም ቶሎ ያጣል።

ታዲያ አሲድ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት አይደለም። አሲዱ በጠርሙስ ውስጥ ብዙም አይቀንስም። በዓመታት የሚለዝበው ታኒኑ ነው፤ እንደ ወፍራም ሻይ ምላስ የሚያደርቀው ማለቴ ነው። የፍሬው ጣዕምም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ ከመነሻው ጣዕሙ ቀጭን ሆኖ አሲዱ ብቻ የጎላ ወይን ሲቆይ ይብስበታል። ሦስቱ ተመጣጥነው የበረቱ እንደሆነ ግን ጊዜ ለወይኑ ይሠራለታል። የጣሊያኑን ባሮሎ ያየን እንደሆነ አሲዱም ታኒኑም ከፍተኛ በመሆኑ ደንቡ ራሱ ለገበያ ሳይወጣ 38 ወር እንዲቆይ ያስገድዳል።

ሙቀት ደግሞ ፍሬው ገና በተክሉ ላይ ሳለ አሲዱን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን የመታው ሙቀት አሲዱን ክፉኛ በማውረዱ፣ የአውሮፓ ኅብረት መጨመር ክልክል በነበረባቸው አካባቢዎች ሳይቀር ለዚያ ምርት አሲድ እንዲጨመር ፈቅዷል። የእኛው ዝዋይም ፀሐይ አያጣም፤ 1,600 ሜትር ገደማ የሆነው ከፍታው ሌሊቱን ማቀዝቀዙ በጀው እንጂ።

የሚከራከሩኝ ሰዎች የ1947ቱን ሸቫል ብላን ይጠቅሱ ይሆናል። የሙቀት ዓመት ምርት ነው፤ ያ ብልሽት ያልነው አሴቲክ አሲድም ከፍ ያለበት ነው። ሆኖም ስድስት ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጄኔቭ ላይ በጨረታ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቷል። ሎተሪ የወጣለት ሰው ስላለ ግን ሎተሪን ንግድ አንለውም።

እርስዎ ለማቆየት የሚገዙ ከሆነ ከአቅራቢው የቴክኒክ መግለጫውን ይጠይቁ፤ ፒኤቹ፣ ጠቅላላ አሲዱና አሴቲክ አሲዱ ይጻፍልዎ። ሥራውን የሚያውቅ አምራች ይህንን አይደብቅም። ፒኤቹ ወደ 3.8 የተጠጋና ዋጋው ርካሽ ከሆነ በዓመት ውስጥ ሸጠው ይገላገሉት፤ የመጋዘን ኪራዩና የባንክ ወለዱ ወይኑን አይጠብቁም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቀን እየጋለ ሌሊት እየቀዘቀዘ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ምርጡም ፒኤች አያድነውም።

አስመጪው ቀሪውን ካርቶን ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ለአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሸጡት። ለሥጋ መዘፍዘፊያ ይሆናል ተብሎ ነው።