መጣል ሥልጣኔ አይደለም



እኔ የደምበጫ ገጠር ልጅ ነኝ። በእናቴ ቤት እንደ ቆሻሻ የሚጣል ነገር እምብዛም አልነበረም። የጠላው አተላ ለከብቱ፣ ኩበቱ ለምድጃው፣ ፍጉና አመዱ ለጓሮው ጎመን፣ የተረፈው እንጀራ ለድርቆሽ ይውል ነበር። ወደ ገበያም ስትወጣ እንቅቧንና ስልቻዋን ይዛ ነበር።

ከዚያ ኮሌጅ ገባን፤ መጣልንም ለመድን። በምግብ ቤታችን በር ያለውን በርሜል የተመለከተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የተረፈ እንጀራና ወጥ፣ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክና ፌስታል በአንድነት ተዘፍቀውበታል። ወጥ የነካውን ወረቀት ቆራሌው አይገዛውም። ፌስታል የገባበት ትርፍራፊም ለከብት አይሰጥም። ታዲያ ጠቃሚውን ነገር ቆሻሻ ያደረገው ሌላ ሳይሆን የእኛው መቀላቀል ነው።

የዚህስ ዕዳ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ነፋስ ከአጥር አሻግሮ የወሰደውን ፌስታል የገበሬው ላም ትበላዋለች። ፌስታል በሆዷ አይፈጭም፤ ተከማችቶ ይገድላታል። ክምሩ ሲበዛ ደግሞ ሰውንም እንደሚገድል አይተናል። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ ለ50 ዓመታት ያህል የተከመረው ቆሻሻ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል።

«ይህ የአስተዳደሩና የጽዳት ሠራተኞች ሥራ ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሕግማ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጠቀምን ጭምር የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሆኖም እኛ በአንድ ሰከንድ የቀላቀልነውን ለመለየት የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን በርሜል ውስጥ ስትዘፍቅ ትውላለች። ይህ የተማረ ሰው ሥራ ነውን?

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በምግብ ቤቱ በር ሦስት በርሜሎች ይቁሙ፤ አንዱ ለምግብ ትርፍራፊ፣ አንዱ ለደረቅ ወረቀት፣ አንዱ ለፕላስቲክ። ሁለተኛ፣ ንጹሑ ትርፍራፊ በአካባቢው ከብት ለሚያረቡ ይሰጥ፤ የአትክልቱ ልጣጭ ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር እየተደራረበ፣ በየጊዜውም እየተገላበጠ ለግቢው ችግኞች ብስባሽ ይሁን። ሦስተኛ፣ ወረቀቱና ፕላስቲኩ ለቆራሌው ተሸጦ፣ ገንዘቡ ደብተርና ሳሙና ለቸገራቸው ተማሪዎች ይዋል፤ ሒሳቡም በየወሩ በዚህ ጋዜጣ ይገለጥ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የምንበላውን ያህል ብቻ እናንሣ። በትሪ ላይ የሚቀረው እንጀራ ቤተሰቦቻችን በሰኔ ጭቃ ያረሱት ጤፍ ነው።

ይህችንም ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አልጋ አስተላልፉ፤ በመጨረሻም ከወጥ ጋር አትጣሏት።