ኮምፒውተራችን ወደ 2017 የተመለሰ ዕለት

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ኮምፒውተር ነው። የሚጀምረው ግን ከእናቴ አርባ ነው። አርባ የምንለው ሰው ካረፈ በአርባኛው ቀን የሚደረገውን ጸሎትና መታሰቢያ ነው።

እናቴ ያረፈችው ደብረ ብርሃን ነው። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሄጄ ልቀብራት አልቻልኩም። ስለዚህ ለአርባዋ አንድ ነገር ልሥራላት ብዬ ተነሣሁ። ዘመዶች በቴሌግራም የላኩልኝን ፎቶና ቪዲዮ ሰብስቤ የዘጠኝ ደቂቃ ፊልም ማዘጋጀት ጀመርኩ። የመጨረሻው ክፍል እናቴ ልጆቼን ስትመርቅ የሚያሳይ ነው። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፤ የእሷ ምርቃት ግን ፈጣን ነው፣ ቃሎቹም የድሮ ናቸው። አንብበው እንዲከተሉ ብዬ እያንዳንዱን ቃል ከሥር ጻፍኩት። ይህ ብቻ ሦስት ማታ ፈጀ።

አርባው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ማታ ልጨርሰው ተቀመጥኩ። የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ሶፍትዌር ስከፍት «የሙከራ ጊዜዎ ተጀምሯል» የሚል ማስታወቂያ መጣ። ምን ማለት ነው? በ2023 ሰባ ዘጠኝ ዶላር ከፍዬ የገዛሁት ነው! በየወሩ የሚከፈልበትም አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ አለቀ። ማስታወቂያውን ዘግቼ ፊልሙን ለማውጣት ሞከርኩ። የወጣው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። በሁለቱም ደቂቃ ደግሞ «ትራያል» የሚል ትልቅ ነጭ ጽሑፍ በእናቴ ፊት ላይ ተጋድሟል። ትራያል ሙከራ ማለት ነው። የእናቴን ፊት አቋርጦ «ሙከራ»! ምርቃቱ ያለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።

ባለቤቴ ጭንቀቴን አይቶ «ድጋሚ ክፈይና ተገላገይ» አለኝ። እኔ ግን አንዴ የገዛሁትን ዶሮ ሁለት ጊዜ አልገዛም አልኩ። የእህቴ ልጅ በበኩሉ በነጻ የሚሠራ ቅጂ ከቴሌግራም ላምጣልሽ አለኝ። እሱንም እምቢ አልኩ። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ፤ የእናቴ ቪዲዮ ሁሉ ደግሞ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ጥሩ ነገርና አንድ ስህተት ሠራሁ። ጥሩው፣ የፊልሙን ፋይሎች በሙሉ ወደ ፍላሽ መገልበጤ ነው። ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ስህተቱ ደግሞ ሶፍትዌሩን አጥፍቼ፣ ያኔ ካወረድኩት ፋይል እንደገና መጫኔ ነው። ችግሩ ምን እንደሆነ ሳላውቅ መድኃኒት መዋጥ ነበር። ድጋሚ ስከፍተው ያው «ሙከራ» ነው፤ በዚያ ላይ ተቀምጦ የነበረው የፈቃድ ኮዴ ጠፋ።

የኩባንያውን ድረ ገጽ ልክፈት ስል «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ከለከለኝ። ኢሜይሌም አልከፈት አለ። ኢንተርኔቱ ነው ብዬ ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁት። ስልኬ ግን በዚያው ኢንተርኔት ያለምንም ችግር ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበረ አልጠረጠርኩም።

በዚህ መሃል የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን አየችው።

«እማዬ፣ ኮምፒውተሩ እኮ 2017 ነው የሚለው።»

«ታዲያ ልክ ነዋ፤ ግንቦት 2017 ነው» አልኳት ዞር ሳልል። የአርባውን መጥሪያ በአማርኛ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ቀኑ በአእምሮዬ ነበር።

«በእማማ አቆጣጠር አይደለም! በፈረንጅ! ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ነው የሚለው!»

ቀና ብዬ ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን ትንሽ ቀን አየሁ። እውነቷን ነው። በዚህ አገር ዘመኑ 2025 ነበር፤ የእኛ ኮምፒውተር ግን ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዷል። ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ሳምንት የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ በስልክ ከልጄ ጋር በዓመተ ምሕረት ጉዳይ ሁልጊዜ ትከራከር ነበር። «እናንተ ጋ ስመጣ እኮ ሰባት ስምንት ዓመት አረጃለሁ» ትላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትቆጥረው እሷ ናት። ባትሪዋ ብትሞትም ገመዱ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ከሆነ ላይታወቅ ይችላል። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት ለእንግዳ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ኮምፒውተሩን ከመኝታ ቤት ነቅዬ ሳሎን አስገብቼው ነበር። በዚያች ቅጽበት ሰዓቱ ጠፋ። ሲበራም ፋብሪካው ካስቀመጠለት ቀን ጀመረ።

ሶፍትዌሩን አስቡት እንግዲህ። ፈቃዱ የተሰጠው በ2023 ነው፤ ዛሬ ደግሞ 2017 ነው ተብሏል። ገና ያልተሰጠ ፈቃድ! በተጨማሪም የሙከራ ጊዜያቸው እንዳያልቅ የኮምፒውተራቸውን ቀን ሆን ብለው ወደኋላ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ብዙ ሶፍትዌሮች ቀኑ ወደኋላ ሲሄድ ይጠረጥራሉ። እኔም ሳላውቀው ሌባ መስዬ ነበር። ድረ ገጾቹም ያልተከፈቱት በዚሁ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት የምስክር ወረቀት አለው። በ2017 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር የ2025 ወረቀት ገና አልጀመረም።

ሰዓቱን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኜ የቀን ማስተካከያውን ከፈትኩ። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ ያስተካክላል፤ ስህተቱ የዓመታት ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ አያርመውም። ስለዚህ «በራሱ ይስተካከል» የሚለውን አጥፍቼ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በእጄ ሞላሁ፤ ከዚያ መልሼ አበራሁት። የሰዓት ክልሉንም አየሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳስነሳ ድረ ገጾቹ ሁሉ ተከፈቱ።

ኮዱ ግን ቀርቷል። ሶፍትዌሩን በየትኛው ኢሜይል እንደገዛሁት አላስታውስም። ሦስት ኢሜይል አለኝ፤ አንዱ የድሮ መሥሪያ ቤቴ ነው! ደግነቱ፣ ስልኬ ላይ የሶፍትዌሩን ስም ስፈልግ የ2023ቱ ደረሰኝ ብቅ አለ። ኮዱን በእጄ ስጽፈው «ትክክል አይደለም» አለኝ፤ ዜሮንና ኦ የምትባለውን ፊደል አምታትቼ ነበር። ገልብጬ ስለጥፈው አሁንም እምቢ አለ። ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ባዶ ቦታ አብሮ ተገልብጧል። እሱን ሳጠፋው ተቀበለኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የእናቴ ፊት ያለ ምንም ጽሑፍ ወጣ።

የእናንተ ሶፍትዌር እንዲህ ቢያደርግ ምክንያቱ የግድ ሰዓት አይደለም። ሪያድ የምትኖረው እህቴ ላፕቶፗ ተበላሽቶ ማዘርቦርዱ ሲቀየር ያው ነገር ደርሶባታል። ሶፍትዌሩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ መሰለው። ፈቃዷ ለሁለት ኮምፒውተር ብቻ ስለነበረ፣ ኩባንያው አሮጌውን እስኪሰርዝላት መጠበቅ ነበረባት። አንዳንድ ጊዜ በሌላ ኢሜይል ስለገባችሁ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ጸረ ቫይረሱ ወይም ቪፒኤኑ ሶፍትዌሩ ከኩባንያው ጋር እንዳይገናኝ ያግደዋል። ለኩባንያው ስትጽፉ የግዢውን ቁጥር፣ የገዛችሁበትን ኢሜይልና የማስታወቂያውን ፎቶ ላኩ። የባንክ ካርድ ቁጥራችሁን ግን በፍጹም አትላኩ። እኔም ሐሙስ ማታ በስልኬ ጽፌላቸው ነበር። መልሱ ሰኞ መጣ፦ «እባክዎ የኮምፒውተርዎን ቀን ይመልከቱ።»

ቅዳሜ ሳሎናችን ጢም አለ። ኮምፒውተሩ እንዳይነቀል ገመዱን በፕላስተር ከግድግዳው ጋር አጣብቄው ነበር። ምርቃቱ ሲደርስ ልጆቼ ከሥር የተጻፈውን እየተከተሉ አነበቡ። የሰፈር እናቶች ሰምተውት፣ ልጆቼ ደግሞ አንብበውት፣ እኩል «አሜን» አሉ።

እሑድ ባትሪውን ቀየርን። ስሟ ሲ አር 2032 ነው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋቷ ነው፣ 32 ደግሞ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ፋርማሲም ግሮሰሪም በጥቂት ዶላር ትገኛለች። መጀመሪያ ገመዱን ነቀልን። ልጄ ሽፋኑን ከፈተችና አሮጌዋን አውጥታ አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርጋ አስገባች። ቤታችሁ ሕፃን ካለ አሮጌዋን ቶሎ ሸሽጉ፤ ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን ታቃጥላለች፤ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑን እንድንሞላ ጠየቀን። ልጄ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«በእማማ ነው ወይስ በፈረንጅ?»