እድራችን ለቀብር ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።

አምና የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረች አንዲት ጎበዝ ልጅ ኅዳር ላይ መቅረት ጀመረች። ሁለት ሳምንት ጠፍታ ስትመጣ በተማሪው ሁሉ ፊት ተቆጣኋት። "የቡና ለቀማ ከትምህርት ይበልጣል?" አልኳት። ዝም አለች። ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣችና "ቲቸር፣ እማዬን ካንሰር ነው አሏት። አዲስ አበባ የማስታምማት እኔ ነኝ" አለችኝ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ነገሩ ላልገጠማችሁ ልንገራችሁ። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን ከጥቁር አንበሳ ሌላ አልነበረም፤ አሁን እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎች ጀምረዋል፣ ለኛ ግን እሱም ሩቅ ነው። ጨረር ደግሞ ብዙ ጊዜ በየቀኑ ለሳምንታት የሚወሰድ ነው። የጤና መድን ቢኖርም መሳፈሪያውን፣ አልጋውን፣ የአስታማሚውን ምግብ አይከፍልም። ስለዚህ መጀመሪያ የቡናው ገንዘብ ያልቃል። ቀጥሎ ገና ባልተለቀመ ቡና ብድር ይወሰዳል። በመጨረሻ ከቤቱ የተማረው ልጅ ከትምህርት ቀርቶ አስታማሚ ይሆናል። ካርድ የሚያወጣው፣ የሐኪሙን ወረቀት የሚያነበው፣ ጌዴኦኛ ብቻ ለምትናገር እናቱ የሚያስተረጉመው እሱ ነዋ!

"ስኮላርሺፕ ፈልግላት" ያሉኝ ነበሩ። ፈለግኩ። አሜሪካ ውስጥ ከካንሰር የተረፈ ሰው ያቋቋመው ካንሰር ፎር ኮሌጅ የሚባል ድርጅት አለ፤ ወላጁ ለታመመበት ልጅ የሚከፍሉ ሌሎችም አሉ። ግን እዚያው ለሚማሩ ነው። እኛ አገር ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። እግዜር ይስጣቸው። እነሱ ታማሚውን ከያዙ ተማሪውን መያዝ የኛ ድርሻ ነው።

እውነቱን ለመናገር የኛ ልጆችን የሚያስቀራቸው የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይማራል፣ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። የሚቀሩት ከበሩ በፊት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 100 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ያጠናው እንዲህ ከሆነ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የከረመችው እንዴት ትለፍ?

ግንቦት ላይ እናቷ አረፉ። እድሩ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ተከለ፣ ወንበሩ መጣ፣ ቡናው ተፈላ፣ ገንዘቡም ለቤተሰቡ ተሰጠ። ማንም አልቀረም። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፦ ከዚህ ገንዘብ ሩቡ ታኅሣሥ ላይ ቢሰጥ ኖሮ አንድ ዘመድ በሷ ፈንታ ተሳፍሮ ያስታምም ነበር፤ ልጅቷም ክፍል ትቀመጥ ነበር።

"እድር ለዚህ አልተቋቋመም፣ ካዝናው ያልቃል" የሚሉ አባቶች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን በአንድ እድር ውስጥ ወላጁ ካንሰር የያዘው የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ በዓመት ስንት ይገኛል? አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ያውም እንዲሰጥ የምለው ሐኪም ቤት የጻፈው ማስረጃ ቀርቦ፣ ለአስታማሚ መሳፈሪያና ለልጁ ትምህርት ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰው ደግሞ ለመሳፈሪያና ለብርድ ልብስ ትንሽ ይጨመርለት።

እኛ መምህራንም አለንበት። ልጅ ሲቀር ከመቆጣታችን በፊት ለብቻው ጠርተን እንጠይቅ። ካንሰር በኛ አካባቢ በሹክሹክታ የሚወራ በሽታ ነው፤ ልጅ በክፍል ፊት አይናገረውም። ያመለጠውን ፈተና እንስጠው፣ ኖት ኮፒ አድርገን እንላክለት። ይሄ ብር አይጠይቅም።

ልጅቷ እናቷን ቀብራ ተፈተነች፤ ነጥቡ አልመጣላትም። ዘንድሮ በግል እንደገና ልትፈተን እየተዘጋጀች ነው፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ሒሳብ አስጠናታለሁ።

የእድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ ወይም ተራ አባል የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ይህንን ጉዳይ አንሱልኝ። የኔን እድር እኔ አነሳለሁ። ምን እንዳሏችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የማይስማማም ይጻፍ፣ እንነጋገራለን።

መልካም ምሽት ከዲላ።