ጎካርቱ ግቢ ገባ፤ ከዚያስ?

ጎካርት ያደገ የኩሽኔታ ጋሪ ነው። ከመኪና ተፈትተው የተጣሉ ኩሽኔታዎች፣ የጣውላ ቁራጭና ጥቂት ምስማር ይዘን የሠራነው፣ ቁልቁለቱን እየተንጓጓ ሲወርድ ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ጋሪ ማለቴ ነው። የእሱ ሞተር ቁልቁለቱ ነበር፤ ፍሬኑ ደግሞ የጫማችን ሶል። ጎካርት ላይ ጣውላው የብረት ቱቦ፣ ኩሽኔታው ጎማ የለበሰ ቸርኬ ሆኗል፤ ከነጂው ጎንም ሞተር ተቀምጧል። ሌላው ብዙም አልተለወጠም። ነጂው ዛሬም መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው።

አጀማመሩም ቢሆን እንዲህ ከግቢ ሥራ የራቀ አልነበረም። አርት ኢንግልስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ጎካርት ሲሠራ የገጠመለት ሞተር ለሣር ማጨጃ ታስቦ የተሠራ ነበር። ሰውየው የውድድር መኪና በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የሚውል ባለሙያ ነበር፤ እጁ ላይ የነበረውን ርካሽ ሞተር ግን አልናቀም። ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። አንድ ያገለገለ ጎካርት ቢሾፍቱ ውስጥ ካለ አንድ ግቢ ገባ እንበል። የመጀመሪያው ክርክር የሚነሣው በሞተሩ ላይ ነው፤ «የራሱ ይታደስለት» የሚልና «ሌላ ይገጠምለት» የሚል ወገን ወዲያው ይፈጠራል።

ከተማዋ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1956 እዚህ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎችን ሲያሠለጥን፣ አውሮፕላኖቹን የሚፈታና የሚገጥም እጅም አብሮ ማስፈለጉ አልቀረም። (ኢንግልስ ጎካርቱን የሠራው ፎን ሮዘን በለቀቀበት ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ግን ደስ ይላል።) በኋላም በአዲስ አበባ ጎዳና «ቢሾፍቱ ባስ» የተባለው አውቶቡስ የተገጣጠመው እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ባጃጁ አለ፣ ጋሪው አለ፤ ሁለቱም በየቀኑ ይሰበራሉ፣ በየቀኑም ይጠገናሉ። ብየዳ ቤትና ቶርኖ ቤት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጋራዡ ቋንቋም ቢሆን ካንዴላ፣ ካቴና፣ ማርሚታ፣ ቡሎን እያለ ጣሊያንኛውን ሲወርስ የኖረ ነው። ያገለገለው ጎካርት እንደ ቢሬል ወይም ቶኒ ካርት ካሉ የጣሊያን ፋብሪካዎች የወጣ ከሆነ እዚህ ሲደርስ ዘመድ ቤት እንደገባ ይቁጠረው።

የራሱ ሞተር ይታደስ የሚለው ወገን ጠንካራ ነጥብ አለው። ሻንሲው፣ የኋላው ዘንግና ፍሬኑ የተለኩት ለዚያ ሞተር ነው፤ አንዱን ሲነቅሉ የሌሎቹ ልክ ይዛባል። ጎካርቱ የውድድር ከሆነ ግን ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ዘይትና ቤንዚን ተደባልቆ የሚጠጣ ባለ ሁለት ምት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በጣም ስለሚፈጥን ፒስተንና ፋሻው የሚለወጡት በዓመት ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ተቆጥሮ ነው። ፋሻውን ደግሞ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አያገኙትም። እንዳለ ማደስ የሚያምር ሐሳብ ነው፤ ከውጭ የሚልክለት ዘመድ ለሌለው ሰው ግን ሐሳብ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ወገን ወደ መቂና ባቱ ያያል። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች ውኃ የሚስቡበት ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ላይ የተቀመጠው ሞተር፣ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ወይም የእሱ ቅጂ፣ በሌላው ዓለም ለመዝናኛ ጎካርት የሚገጠመው ሞተር ነው። 163 ሲሲ፣ 4.8 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 15 ኪሎ ገደማ። ካንዴላው በቀላሉ ይገኛል፣ የሚጠግነውም ሰው ሞልቷል። አንድ ነገር ግን ከመግዛት በፊት መታየት አለበት። አንዳንዱ የፓምፕ ሞተር ዘንጉ አጭር ወይም ጥርስ የወጣለት ስለሆነ የጎካርት ፍሪስዮን አይገባበትም። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ያ ሞተር ግን ዳግም ወደ ፓምፑ አይመለስም። የሚፈለገው ቀጥ ያለ፣ የቁልፍ ቦይ ያለው ዘንግ ነው።

የቢሾፍቱ ከፍታም ድርሻውን ይወስዳል። ሆንዳ ራሱ በመመሪያው እንደሚለው ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከ4.8ቱ የፈረስ ጉልበት የሚቀረው 3.7 ያህል ነው። የጎካርት መናፈሻ ያለው እንጦጦ ከዚህም 1,000 ሜትር ያህል ስለሚበልጥ እዚያ አንድ ሦስተኛው ይሄዳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ያስላል። መድኃኒቱ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ቀዳዳዋ የተለካ ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። የወጣችውን አለመጣል ነው እንግዲህ፤ በጠባቧ እየሠራ ወደ መተሐራ ቆላ ቢወርድ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ይግላል፣ ሊነድም ይችላል።

ጉልበቱ ሲያንስ ደግሞ ወጣቶቹ አንድ ዘዴ ያመጣሉ። ሞተሩ በደቂቃ ከ3,600 ዙር ብዙ እንዳያልፍ የሚገታው መቆጣጠሪያ ይነቀል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሲነቀል ይፈጥናል። ችግሩ ቢዬላውና ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ መዘውር) ለዚያ ፍጥነት አለመሠራታቸው ነው። በሙሉ ዙር ላይ የተሰነጠቀ ቮላኖ እንደ ቦምብ ፍንጣሪ ነው፤ ጎካርት ላይ ደግሞ ሞተሩ ያለው ከነጂው ጎድን አጠገብ ነው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ሞተሩ ላይ ባለ 12፣ የኋላው ዘንግ ላይ ባለ 72 ጥርስ የካቴና ማርሽ ብንገጥም፣ የጎማው ዙሪያ 88 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን፣ 3,600 ዙር በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። መቆጣጠሪያውን ነቅለን 5,000 ዙር ብናስፈጨው 44 ይደርሳል። ባለ 72ቱን በባለ 60 ብንለውጥ ደግሞ ሞተሩን ሳንነካ 38 እናገኛለን። ለቀሩት 6 ኪሎ ሜትሮች ጎድንን ማስያዝ ለእኔ ክርክር አይደለም።

ሦስተኛው ወገን ኤሌክትሪክ የሚል ነው፤ ባለፉት ዓመታት ድምፁ ከፍ ብሏል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪና ዕቃው በየከተማው እየተለመደ ነው። ለጎካርት ያለው ጥቅም ደግሞ ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። ጩኸት የለውም፤ ጎረቤት እሑድ ከሰዓት ይተኛል። ፍጥነቱን ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ መወሰን ስለሚቻል የአሥር ዓመት ልጅ ሲነዳ በ15 ኪሎ ሜትር ማሰር፣ አባትየው ሲቀመጥ መልቀቅ ይቻላል። ሌላም አለ። ጎካርት ሰሌዳ ስለሌለው ማደያ ነድተውት አይሄዱም፤ ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ቁጥጥር ያለበት ነገር ነው። የቤቱ ሶኬት ፈቃድ አይጠይቅም።

መብራት ከጠፋ ግን ጨዋታው ቀረ። ክብደቱም አለ። ርካሹ አማራጭ የሆነው ባለ እርሳስ ባትሪ፣ ባለ 12 ቮልት 20 አምፔር አራቱ ሲደረደሩ 26 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ሞተሩ ገና አልተቆጠረም። ይህን ሁሉ ተሸክሞ አጥብቀው ከነዱት ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ሊቲየሙ ይቀላል፣ ይቆያልም፤ ዋጋው ግን ጎካርቱ ራሱ ከተገዛበት ሊበልጥ ይችላል። ባትሪ ደግሞ ባይነዳም ያረጃል። ሁለት ክረምት ቆሞ የከረመ የፓምፕ ሞተር ካርቡሬተሩ ከታጠበ ይነሣል፤ ሁለት ክረምት ባዶውን የተረሳ የእርሳስ ባትሪ ግን ሞቷል።

ሰው ሁሉ ሲከራከር የሚውለው በሞተር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሻንሲው ነው፤ በማያውቁት መንገድ የሚበላሸው እሱ ነውና።

ጎካርት ዲፍሬንሻል የለውም። የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ታስረው እኩል ይዞራሉ። ሲታጠፍ ግን የውጩ ጎማ ረጅም፣ የውስጡ አጭር መንገድ ነው የሚሄደው። መኪና ይህን በዲፍሬንሻል ይፈታዋል፤ የፈረስ ጋሪም ጎማዎቹ በየራሳቸው ስለሚዞሩ አይቸገርም። ጎካርት የሚፈታው በሻንሲው ነው። መሪው ሲዞር ሻንሲው በጥቂቱ ይጠመዘዝና የውስጠኛውን የኋላ ጎማ ከመሬት ያላቅቀዋል፤ ያኔ ይታጠፋል። ሻንሲው የጎካርቱ ሞላ ነው ማለት ይቻላል፣ ሌላ ሞላ የለውምና።

ይህን ቀጭን ቱቦ ብየዳ ቤት ሲወስዱት ባለሙያው የሚለው የታወቀ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄማ ይሰበራል፤ እዚህ ጋ አንግል ጣል ላድርግበት።» ልምዱን መናቅ አይገባም። ጋሪና ባጃጅ ሲጠግን የኖረ ሰው የኮብልስቶን መንገድ ብረትን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የታደሰ ጎካርትም የተሰነጠቀበት ቦታ መበየድ አለበት፣ ጥያቄ የለውም። አንግል የተጨመረበት ሻንሲ ግን አይጠመዘዝም። አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሬቱን ስለሚይዙ መሪው ተጠምዝዞ ጎካርቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከፊት ግንብ ካለ ደግሞ ወደ ግንቡ።

እዚህ ላይ ለበያጁ መፍረድ ያለብኝ አንድ ጉዳይ አለ። ግቢው አፈር ወይም በቢሾፍቱ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች የሚቆፈረው ቀይ አሸዋ የፈሰሰበት ከሆነ ጎማው በራሱ ስለሚንሸራተት የወጥ ዘንጉ ችግር ይቃለላል፤ ጠንካራ ሻንሲ እዚያ ብዙ አይጎዳም። (በዚያ አቧራ ላይ ያለ ፊልትሮ የተነሣ ሞተር ግን ፋሻውን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል።) ስለዚህ ማጠንከሪያው በቡሎን ይታሰር፤ የውድድር ጎካርቶችም የሚፈታ ማጠንከሪያ ዘንግ አላቸው። አፈር ላይ ይታሰራል፣ አስፋልት ላይ ይፈታል። የተበየደ ግን አይፈታም። ባትሪ የሚጭነው ወገንም ይህን ያስብበት፤ 26 ኪሎ በአንድ በኩል የተቀመጠበት ሻንሲ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እኩል አይታጠፍም።

ኮብልስቶኑ ላይ እንዲሄድ ከፍ ይደረግ፣ ትልቅ ጎማ ይግባለት የሚሉም አሉ። ከፍ ያለ ጎካርት ይገለበጣል፤ ሰሌዳ ስለሌለውም መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። አጥር ውስጥ ወይም ባለቤቱ በፈቀደው ሜዳ ነው የሚነዳው። ሜዳ የሌለው ሰው ከወዲሁ ቢተወው ይሻለዋል።

ፍርዴን ልናገር። የሚነዱት ልጆች ብቻ ከሆኑ ኤሌክትሪኩ ይበልጣል፤ ፍጥነትን በቁጥር ማሰር መቻሉ ብቻውን ይበቃዋል። አባትና ልጅ አብረው እየፈቱ ሊማሩበት ከሆነ ግን የፓምፑን ሞተር እመርጣለሁ፤ የዙር መቆጣጠሪያው ሳይነካ፣ በአራት ቡሎን ታስሮ። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ገንዘብ ለፍሬን ይውጣ። ካቴናውና የኋላው ዘንግ በላሜራ ይሸፈኑ፤ ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም የተለቀቀ ጸጉር በዚያ ዘንግ ከተጠቀለለ ጎካርቱ እስኪቆም ጊዜ አይሰጥም።

ልጆቹ አንድ ቀን ይሰለቹታል። ያን ዕለት አሮጌዋ የካርቡሬተሩ የነሐስ ቁራጭ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ካለች፣ የሞተሩ ዘንግም ካልተቆረጠ፣ አራቱ ቡሎኖች ይፈቱና ሞተሩ መቂ ወርዶ ሽንኩርት ያጠጣል።