ጉርድ ፎቶግራፍና የሙዚቃ ምሽት

ዘፋኙ መድረክ ላይ ብቅ ሲል በአዳራሹ ያለው የእጅ ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ይነሣል። ከዚያ ሁሉ ፎቶግራፍ ውስጥ በማግስቱ «አዎን፣ ይህ እርሱ ነው» የሚያሰኘው ስንቱ ይሆን? ጉድለቱ የመሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። በፎቶ ቤት የሰው መልክ ማንሣትን ያልተማረ ሰው ውድ ካሜራ ቢይዝም ከመድረክ የሚያመጣው ብርሃንና ግርግር ብቻ ነው።

ለዚህ ምስክር የምንጠራው አሜሪካዊውን ኸርማን ሌናርድን ነው። በ1947 (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ በፎቶግራፍ ሙያ ተመረቀ። ዲግሪ የያዘ ወጣት በመጀመሪያ ወንበር እንደሚያምረው አንባቢያችን ያውቃል። ሌናርድ ግን ወደ ካናዳ ተሻግሮ፣ ኦታዋ ከተማ ይሠራ ከነበረው ከስመ ጥሩው መልክ አንሺ ከዩሱፍ ካርሽ ዘንድ ረዳት ሆኖ ገባ። መምህሩ አልበርት አይንስታይንን ሲያነሣ አጠገቡ ሆኖ አየ። ብርሃን ከየት በኩል ሲያርፍበት ፊት እንደሚናገር፣ ሰውም መቼ መኮፈሱን ትቶ ወደ ራሱ መልክ እንደሚመለስ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

በ1948 ኒው ዮርክ ውስጥ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው ሠፈር የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ፤ ሲመሽም ወደ ጃዝ ቤቶች ይሄድ ጀመር። የመግቢያ ዋጋ ስላልነበረው ለባለቤቶቹ ለማስታወቂያ የሚሆን ፎቶግራፍ እየሰጠ ይገባ ነበር። (እንዲህ ያለ ልውውጥ ማንንም አይጎዳም።) ከካርሽ ዘንድ የቀሰመውን ግን በር ላይ ጥሎ አልገባም። የብልጭታ መብራቱን ከሙዚቀኛው በስተኋላ አድርጎ፣ የሲጋራው ጢስ ሳይቀር ቅርጽ እንዲይዝ አደረገ። በዚያው ዓመት ሮያል ሩስት በተባለው ቤት ዴክስተር ጎርደንን ያነሣበትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው አይረሳውም። ጎርደን ሳክስፎኑን ጭኑ ላይ አሳርፎ ያጨሳል እንጂ አይነፋም። ዜማው በቆመበት ሰዓት ሙዚቃን ማሳየት ከመልክ አንሺ በቀር ማን ይችላል?

እርግጥ ነው፣ በጨዋታ ላይ ያለ ሙዚቀኛ «እስቲ ቀና በል» አይባልም። ቢሆንም ዘፈኑን የሚያውቅ አንሺ ትንፋሹ የት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ያውቃል። ትዝታን እያንጎራጎረ ዐይኑን የሚጨፍን ዘፋኝ መልሶ የሚገልጥበት ጊዜ አለው፤ ጣትን ለዚያ ማቆየት ነው። አንድ ክረምት በሠፈሩ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶግራፍ ሲያነሣ የከረመ ተማሪ ይህን ትዕግሥት ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ እዚያ ያገኘዋል።

የሌናርድ የጃዝ ሥራ ስሙን በሰፊው ያስነሣው ዘግይቶ፣ በ1988 ለንደን ላይ ኤግዚቢሽን ባሳየ ጊዜ ነው። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊየንስ የነበረውን ቤቱን ሲያጥለቀልቀው፣ 8,000 ያህል የታተሙ ፎቶግራፎቹ ጠፉ። ኔጋቲቮቹ ግን በአንድ ሙዚየም ካዝና ተቀምጠው ስለነበር ውሃው አላገኛቸውም፤ በ2010 እስከ ሞተም ድረስ ከእነርሱ እያሳተመ ኖሯል።