ድልድይ ሲሻገሩ ወንጀለኛ!

ጎበዝ፣ ይሄንን ሳልናገር አላልፍም! አሜሪካ አንድ አገር ትባል እንጂ በሽጉጥ ጉዳይ 50 አገር ነች። ቨርጂኒያ የሰጠችህ የመታጠቂያ ፈቃድ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግረህ ዲሲ ስትገባ ተራ ወረቀት ይሆናል። ሜሪላንድም ከቁም ነገር አትቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ መንገደኛን የሚከልለው፣ ሽጉጡ ጥይት ሳይጎርስ ከእጅ ርቆ ሲቀመጥ፣ መነሻውም መድረሻውም መያዝ የሚፈቀድበት ሲሆን ነው። ጎኑ ሻጥ አድርጎ የሚነዳውን ሐበሻ ማን ያድነው? ግሪን ካርድ ይዞ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ደግሞ ጣጣው እስር ብቻ አይደለም፤ ከአገር መባረርም ሊከተል ይችላል። ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር የሚገለባበጥ ሕግ ቤተሰብ ሲበትን ፍትሕ ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ግን ምን ይደረግ? ሕግ አላውቅም ማለት ከቅጣት አያድንም። እዚያ ወንድም ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉለት፤ ድልድዩ ላይ ሳይደርስ!