ራሱን ማስተዳደር ለማይችል ዜጋ የሚከፈል ገንዘብ፦ በማን እጅ፣ በምን ቁጥጥር?

መንግሥት ለዜጎች የሚከፍለው የጡረታ አበልም ሆነ የማኅበራዊ ድጋፍ ገንዘብ ዓላማው ተቀባዩ በልቶ፣ ለብሶና ታክሞ እንዲያድር ማስቻል ነው። ተቀባዩ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና በሚመጣ የመርሳት ችግር ምክንያት ገንዘቡን ተረክቦ ማስተዳደር ሲሳነው ግን ከፋዩ መሥሪያ ቤት በሁለት አደጋዎች መካከል ይቆማል። ክፍያውን ቢያግድ ባለመብቱ ጦሙን ያድራል፤ "ዘመዱ ነኝ" ብሎ ለቀረበ ሁሉ ቢከፍል ደግሞ ገንዘቡ የሌላ ሰው ሲሳይ ይሆናል።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ እንዲሁም በገጠር በ1997 ዓ.ም፣ በከተማ በ2009 ዓ.ም የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የዚሁ ኃላፊነት መገለጫዎች ናቸው። በሴፍቲኔቱ መሥራት ለማይችሉና ሌላ ደጋፊ ለሌላቸው ወገኖች የሚሰጠው ቀጥተኛ ድጋፍ ከሚደርሳቸው መካከል ገንዘቡን ራሳቸው መቆጣጠር የሚያዳግታቸው ሊኖሩ እንደሚችሉ ግልጽ ነው።

ለጉዳዩ መሠረታዊው ሕግ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ማንኛውም ሰው ችሎታ እንዳለው ይገምታል፤ ችሎታ የለውም የሚል ወገን የማስረዳት ሸክም አለበት። በመሆኑም የአንድ ሰው አነጋገር ወይም አለባበስ፣ ወይም የሆስፒታል ካርድ መያዙ ብቻ ክፍያውን ከእጁ ለማውጣት በቂ ምክንያት አይሆንም። የሰውየው ጤንነትና ጥቅም የሚያስገድድ ሲሆን ፍርድ ቤት የክልከላ ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል። ጥያቄውን ሰውየው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይችላሉ። ከውሳኔው በኋላ ሰውየው አካለ መጠን እንዳላደረሰ ልጅ ጥበቃ ይደረግለታል፤ ለአካሉ ደኅንነት አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ጥቅም ሞግዚት ይኖረዋል። ምክንያቱ ሲወገድም ክልከላው ሊነሳ ይችላል።

በአሠራር በኩል በብዛት ሊያደናግር የሚችለው የውክልናና የሞግዚትነት ልዩነት ነው። ውክልና ወካዩ በሙሉ ፈቃዱ ለሌላ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል። ስለዚህ ጡረተኛው ጤነኛ ሳለ የሰጠው ሰነድ ችሎታውን ካጣ በኋላ ያለ ምርመራ ሊያገለግል አይገባም። የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤም ነዋሪነትንና ዝምድናን ሊያስረዳ ይችላል እንጂ የሞግዚትነት ሥልጣን አይሰጥም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ራሱ አጣርቶ ክፍያ ተቀባይ ይሰይማል። ውክልናን ለዚህ ዓላማ አይቀበልም፤ ይህም በዚያ አገር ወላጆቻቸውን የሚጦሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያንንም የሚመለከት ነው። የተሰየመው ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ለምግብ፣ ለመጠለያ፣ ለልብስና ለሕክምና ማዋል፣ የተረፈውን ለባለመብቱ መቆጠብና የወጪ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ በ2018 የወጣ ሕግም ዜጎች ጤነኛ ሳሉ ወደፊት ማን ክፍያቸውን እንዲቀበልላቸው እንደሚፈልጉ አስቀድመው እንዲያሳውቁ ፈቅዷል።

ይሁንና ቁጥጥሩ ሲላላ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ መሆኑን በአዮዋ ግዛት አታሊሳ በተባለች አነስተኛ ከተማ የታየው ድርጊት ያሳያል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወንዶች በአሠሪ ድርጅታቸው ሥር እየኖሩ በቱርክ ዶሮ ማቀነባበሪያ ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። በእጃቸው ይደርስ የነበረው በወር 65 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። የመንግሥት ድጎማቸውን የሚቀበለው ያው አሠሪያቸው ነበር። ሁኔታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ በ2009 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2013 የዳኞች ጉባኤ ለ32 ሰዎች 240 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወስኗል፤ ሕጉ ባስቀመጠው ጣሪያ ምክንያት ግን ወደ 1 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ብሏል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አሠሪ፣ አከራይና ገንዘብ ተቀባይ አንድ ሰው ሲሆን ባለመብቱ አቤት የሚልበት ደጃፍ እንደሚያጣ ነው።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች የገንዘብ ጉዳያቸውን የመቆጣጠር እኩል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በመብቱ አጠቃቀም ላይ የሚወሰዱ እርምጃዎች ተመጣጣኝ፣ በተቻለ መጠን አጭር ጊዜ የሚቆዩና በገለልተኛ አካል በየጊዜው የሚታዩ እንዲሆኑም ያዛል። ይህ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ሙሉ ክልከላ ጋር ሲነጻጸር ለባለመብቱ ፈቃድ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ትንሽ እገዛ ሲደረግለት ክፍያውን ራሱ መቀበል የሚችልን ሰው ሙሉ በሙሉ መከልከል ከስምምነቱ መንፈስ ጋር አይጣጣምም።

ከዚህ በመነሳት ከፋይ መሥሪያ ቤቶች ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያከናውኗቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። ሞግዚት ነኝ ባይ ሲቀርብ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ዋና ቅጂ ማመሳከር፣ ክፍያው በባለመብቱ ስም በተለየ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግና ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ባለመብቱን በአካል ማየት ከነዚህ ይጠቀሳሉ። ጎረቤትና ዕድር የሚሰጡት መረጃ በእርግጥ የሚጦረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል። ዘመድ ለሌለው ሰው ደግሞ ፋይሉን "ባለጉዳይ አልቀረበም" ብሎ ከመዝጋት ይልቅ ጉዳዩን ለዐቃቤ ሕግ ማሳወቅ ሕጉ የከፈተው መንገድ ነው።

አበሉ የባለመብቱ እንጂ የተቀባዩ አይደለም። በመሆኑም የክፍያ አፈጻጸም ሊመዘን የሚገባው ገንዘቡ ከካዝና በመውጣቱ ሳይሆን የባለመብቱን ማዕድና መድኃኒት በመሸፈኑ ነው።